እናትን ይዞ ወደ ቦስተኑ ፐብሊክ ጋርደን፦ የግማሽ ቀን ጉዞ አሠራር

ቦስተንና አካባቢዋ የምንኖር ሰዎች ከአገር ቤት እናት ወይም አባት ሲመጣልን የምንሳሳተው አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ እንግዳውን መኪና ውስጥ አስገብተን ወደ ገበያ ማዕከል እንነዳለን። በሁለተኛው ቅዳሜ ኒውዮርክ፣ በሦስተኛው የዘመድ ቤት። እንግዳው ሦስት ወር ከርሞ ሲመለስ ጎረቤት “ቦስተን እንዴት ነበር?” ብሎ ቢጠይቀው ትዝ የሚለው የመኪናው መቀመጫና የቤቱ ሶፋ ነው።

እኔም በመጀመሪያው ዙር እናቴን እንዲሁ አድርጌ መልሻታለሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ግን መሀል ከተማ ወዳለው፣ ፐብሊክ ጋርደን ወደሚባለው የሕዝብ አትክልት ቦታ በባቡር ወሰድኳት። አኻያ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከአጥሩ ማዶ የተደረደሩትን ፎቆች በዓይኗ ስትቃኝ ቆየችና “ይህን የሚያህል መሬት እዚህ መሀል ላይ እንዴት ሳይሸጥ ቀረ?” አለችኝ። የአዲስ አበባ ሰው ጥያቄ ነው። የዚያን ዕለት መልስ አልነበረኝም፤ በኋላ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፤ በቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ አክስት፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ አማት ሳይቀር ስለወሰድኩ አካሄዱ በልምድ ተጣርቷል። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወራቱና ሰዓቱ ግን የእኛው ናቸው፤ የሚያደናግር በሚሆንበት ቦታ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ወሩን መምረጥ

የእንግዳውን የበረራ ቀን የመወሰን ዕድል ካላችሁ ሥራው የሚጀምረው ቲኬት ስትቆርጡ ነው። የአትክልቱ ምርጥ ጊዜ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ነው። ቱሊፕ የሚባሉት አበቦች የሚፈነዱት ያኔ ነው፤ ከተማው በየመደቡ በቀይ፣ በቢጫና በሐምራዊ ይደረድራቸዋል። ፋሲካችን ብዙውን ጊዜ በሚያዝያ ስለሚውል ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀጥሎ ያለው በዓለ ሃምሳ ነውና ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም። እናት በሥራ ቀን ሣሩ ላይ ተቀምጣ የቋጠራችሁላትን ጥብስ ብትበላ የሚቆረቁራት ነገር አይኖርም። በአቢይ ጾም መሀል ከወሰዳችኋት ግን ዛፉም ራቁቱን ነው፣ ሆዷም ባዶውን ነው።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ የአገሩ በጋ አበቦች በቱሊፑ ቦታ ይተካሉ፤ ጥላው ግሩም ነው፤ ሙቀቱ ግን ወበቅ አለበት፤ ከደጋ የመጣ ሰው ይከብደዋል። በጥቅምት ቅጠሉ ወርቅ ይመስላል፤ ጊንኮ የሚባለው ዛፍ ቢጫ ሲሆን ማየት ብቻውን ጉዞ ያስወጣል። ነገር ግን በዚያ ወር፣ ስዋን በሚባለው አንገተ ረጅም ነጭ የውሃ ወፍ ቅርጽ የተሠሩት የሐይቁ ጀልባዎች ሥራ አቁመዋል።

ከኅዳር እስከ መጋቢት አትሂዱ ማለት ይቃጣኛል። አንድ ዓመት አጎቴን በጥር ወሰድኩት። በስልክ ስለ ሐይቁና ስለ ስዋን ጀልባዎቹ ስተርክለት ከርሜ ስንደርስ ሐይቁ የለም። ውሃው በብርዱ ወቅት እንደሚለቀቅ አላወቅሁም ነበር። ጭቃና ጥቂት በረዶ፣ መሀሉ ላይ ድልድይ። አጎቴ ድልድዩን ረጅም ጊዜ ተመልክቶ “በደረቅ መሬት ላይ ነው የሠሩት?” አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ በለቅሶ ቤትም ቢሆን ያነሣዋል።

ቀኑና ሰዓቱ

ከበረራው በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ያሳልፉ። በአዲስ አበባና በቦስተን መካከል በሚያዝያና በግንቦት የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ፤ እናት በመጀመሪያው ቀን ከቀትር በኋላ ቆማ ታንቀላፋለች። ይህንኑ መፋለስ ግን መጠቀሚያ ማድረግ ይቻላል፦ በሦስተኛው ቀንም ቢሆን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ስለምትነቃ ማልዶ መውጣት አያስቸግራትም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት (በአገሩ 9) ላይ በሩ ላይ ብትገኙ አትክልቱ የእናንተ ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ድልድዩ ላይ ለመቆም ወረፋ አለ ማለት ይቻላል።

በየዓመቱ የኤፕሪል ሦስተኛ ሰኞ (በእኛ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ) የቦስተን ማራቶን ቀን ነው። መንገዶች ይዘጋሉ፣ ባቡሩ ይጨናነቃል። ለአትክልት ጉብኝት የማይሆን ቀን ነው። ለሌላ ነገር ግን የሚሆን ነው፤ እመለስበታለሁ።

የሚያዝ

ጋቢ። በግንቦትም ቢሆን ጋቢ። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ፀሐይ እያለ ይበርዳል፤ ጋቢው ሣር ላይ ለመቀመጫም ይሆናል። ከዚያ ምቹ ጫማ፣ ውሃ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ ምግብ። ጀበናውን ቤት ተዉት፤ ከሰል ማቀጣጠል አይቻልም፤ ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ። ስኒዎቹን ግን በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሰዱ፤ በወረቀት ብርጭቆ የተቀዳ ቡና እናቴ “የሆስፒታል ቡና” ነው የምትለው።

መጸዳጃ ቤት የጉዞው ትልቁ ጉዳይ ነው፤ ማንም አስቀድሞ ስለማይናገር እኔ ልናገር። አትክልቱ ውስጥ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። አስተማማኙ ቦታ በቦይልስተን መንገድ ወደ ምዕራብ ጥቂት መንገዶች አቋርጣችሁ የምታገኙት ማዕከላዊው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። መግቢያ አይከፈልም፤ በ1895 የተከፈተው አሮጌው ሕንፃ ደግሞ ራሱን የቻለ መታያ ነው። ጉብኝቱን እዚያ እንዲያበቃ አድርጋችሁ ካሰናዳችሁት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈታል።

መድረስ

በባቡር ሂዱ። አረንጓዴው መስመር ላይ ተሳፍራችሁ አርሊንግተን በሚባለው ጣቢያ ውረዱ፤ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ የተባሉት አራቱም ቅርንጫፎች ይቆማሉ። ጣቢያው አሳንሰር ስላለው ጉልበቷን የሚያማት እናት ደረጃ አትወጣም፤ ከጣቢያው ስትወጡ የአትክልቱ ጥግ መንገድ ማዶ ይታያችኋል። ዋጋው ለአንድ ጉዞ 2.40 ዶላር ነው፤ የባንክ ካርድ ወይም ስልክ ማስጠጋት ይበቃል። ከካምብሪጅ በኩል የምትመጡ በቀዩ መስመር ፓርክ ስትሪት ወርዳችሁ ከአትክልቱ ጎን ያለውን ቦስተን ኮመን የሚባል መናፈሻ በእግር አቋርጡ፤ ቁልቁለት ስለሆነ ሲሄዱ ይቀላል፤ ሲመለሱ ግን ዳገት ነው።

ይህ ፓርክ ስትሪት ከቦይልስተን ጣቢያ ጋር በ1897 የተከፈተው የአሜሪካ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ነው። ባቡሩ ሲንቋቋ እናትን የሚያረጋጋ መረጃ አይደለም፤ ከወረደች በኋላ ንገሯት።

መኪና የግድ ከሆነ ከቦስተን ኮመን ሥር ትልቅ የምድር ውስጥ መኪና ማቆሚያ አለ፤ መግቢያው በቻርልስ መንገድ፣ በኮመኑና በአትክልቱ መካከል ነው። በሥራ ቀን ውድ ነው።

በየትኛው በር ይገባል

ብዙ ሰው ከጣቢያው እንደወጣ በመጀመሪያው ጥግ ዘው ብሎ ይገባል። አትግቡ። አጥሩን በቀኝ አድርጋችሁ በአርሊንግተን መንገድ ወደ ሰሜን ሂዱና ኮመንዌልዝ ጎዳና ከአትክልቱ በሚገጥምበት ትልቅ በር ግቡ። ፊት ለፊት የጆርጅ ዋሽንግተን የፈረስ ላይ ሐውልት ይቀበላችኋል፤ ቶማስ ቦል ሠርቶት በ1869 የቆመ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው የፈረሰኛ ሐውልት አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቴ ወዲያውኑ ከአራዳው ምኒልክ ጋር አነጻጽራ “የእኛው ፈረስ ይሻላል” ብላ ፈርዳለች። የዚህ በር ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ከሐውልቱ ጀርባ መንገዱ ቀጥ ብሎ አበባዎቹን፣ ድልድዩንና ሐይቁን በአንድ መስመር ያሳያል። በጎን በኩል ከገባችሁ ይህን የምታዩት ከኋላ ወደ ፊት ነው።

ወደ በሩ ስትሄዱ፣ ኒውበሪ መንገድ ከአትክልቱ ጋር በሚገናኝበት አንጻር ትንሽ ጸጥ ያለ መታሰቢያ አለ። በ2004 የተሠራ ሲሆን በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት የሞቱትንና ከዚህ ግዛት ጋር ትስስር የነበራቸውን ሰዎች ስም ይዟል። ሁለቱን ሕንፃዎች የመቱት አውሮፕላኖች የተነሡት ከቦስተን ነበር። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ እለፉ።

ድልድዩና የስዋን ጀልባዎቹ

ድልድዩ በ1867 ሲሠራ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ነበርና የዓለም ትንሹ ተንጠልጣይ ድልድይ እየተባለ ይወራለት ነበር። በ1921 ከሥሩ ጠንካራ ብረት ተደግፎለት ሰንሰለቱ ለጌጥ ቀረ። ስለዚህ እናት “ይወዛወዛል?” ብትል አይወዛወዝም በሏት። መሀሉ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ ስዋን የተቀረጸባቸው ጀልባዎች ከሥራችሁ ሲያልፉ ታያላችሁ፤ መሳፈሪያቸው ከዚያው ብዙ ሳይርቅ ነው።

የእነዚህ ጀልባዎች ታሪክ ለእናቶች የሚነገር ታሪክ ነው። ሮበርት ፓጄት የሚባል ጀልባ ሠሪ አንድ የጀርመን ኦፔራ ተመለከተ፤ በውስጡ ፈረሰኛው ልዕልቲቱን ሊያድን ስዋን በሚጎትተው ጀልባ ይመጣል። ሰውየውም እንደ ብስክሌት በፔዳል የሚሄድ ጀልባ ሠርቶ፣ ፔዳል የሚመታው ሰው እንዳይታይ ዙሪያውን በስዋን ቅርጽ ሸፈነው። ይህ በ1877 ነበር። በማግስቱ ዓመት ፓጄት ሞተ። ሚስቱ ጁሊያ አራት ልጆች ይዛ ቀረች፤ ጀልባዎቹን አልሸጠቻቸውም፤ ራሷ ማስተዳደር ጀመረች፤ ሥራው ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፈ ከመቶ ዓመት በላይ በዚያው ቤተሰብ እጅ ቆየ። ባሏ የሞተባት ሴት ሥራ ይዛ ልጅ አሳደገች የሚለውን ስትሰማ እናቴ ቲኬቱን ራሷ ካልከፈለች አሻፈረኝ አለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጀልባዎቹ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይሠራሉ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት (በአገሩ 10) ላይ ይከፈታሉ፤ እናንተ ሦስት ሰዓት ደርሳችሁ በሐይቁ ዙሪያ ከተዘዋወራችሁ ወረፋ ሳትይዙ የመጀመሪያው ጀልባ ይደርሳችኋል። ቦታ ማስያዝ አያስፈልግም፤ ቲኬቱ እዚያው ይቆረጣል፤ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ እምብዛም አይርቅም። አንድ ጀልባ እስከ 20 ሰው ይይዛል፤ ጉዞው 15 ደቂቃ ያህል ነው። ዝናብ፣ ኃይለኛ ነፋስ ወይም ከባድ ሙቀት ካለ አይንቀሳቀሱም፤ ስለዚህ ጠዋት ሰማዩን ሳታዩ ቃል አትግቡ። ውሃ የምትፈራ እናት ካለች ሐይቁ ጥልቀት እንደሌለው፣ ጀልባውም ከሰው እርምጃ ብዙም እንደማይፈጥን ንገሯት። የመጨረሻውን ረድፍ ምረጡ፤ ፔዳል የሚመታው ወጣት ከኋላችሁ ነው፤ እናት “አይዞህ ልጄ” እያለችው መሄድ ትችላለች። እናቴ ብላዋለች፤ በአማርኛ፤ ልጁም ገብቶታል።

እውነተኛ ስዋኖችም በሞቃቱ ወራት ሐይቁ ላይ ይኖሩ ነበር። ለዓመታት ከተማው ጥንዶቹን ሮሚዮና ጁልየት ብሎ ሰይሞ ይንከባከባቸው ነበር፤ እንቁላሉ አልፈለፈል ሲል በ2005 ቢመረመሩ ሁለቱም ሴቶች ሆነው ተገኙ። ይህን ለእናት መንገርና አለመንገር የእናንተ ፈንታ ነው።

ወንበር ላይ መቀመጥ

ከጀልባው ስትወርዱ አትቸኩሉ። ከሐይቁ ዳር አኻያዎቹ በተንዠረገጉበት ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡ፤ ፔርሙዙን አውጡ። ሰዓት አትመልከቱ። አትክልቱ በአጠቃላይ 24 ኤከር፣ ማለትም ወደ 10 ሄክታር የሚጠጋ ነው፤ በፍጥነት የሚሄድ ሰው በሃያ ደቂቃ ጨርሶ “ይኸው ነው?” ብሎ ይወጣል። መንገዶቹ ሆን ተብለው የተጠማዘዙ ናቸው፤ ለመቸኮል አልተሠሩም።

የእናቴን ጥያቄ የምመልሰው እዚህ ላይ ነው። የተቀመጣችሁበት መሬት ድሮ መሬት አልነበረም፤ የባሕር ውሃ የሚመላለስበት ረግረግ ነበር። በ1837 ሆራስ ግሬይ የተባለ ባለጸጋና ወዳጆቹ ቦታውን ለዕፅዋት ማሳያ እንዲሰጣቸው ጠይቀው ተፈቀደላቸው፤ በአሜሪካ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመጀመሪያው የዕፅዋት አትክልት ተብሎ የሚቆጠረው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከተማዋ አደገች፤ ቀጥሎ ያለው ባክ ቤይ የሚባለው ረግረግ በባቡር በመጣ አፈር ተሞልቶ የቤት መሥሪያ ቦታ እየተባለ ተሸነሸነ፤ አትክልቱም ይሸንሸንና ይሸጥ የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ጉዳዩ በ1859 ለነዋሪው ድምፅ ቀረበ። አትክልት ሆኖ ይቆይ ያሉት ከ6 ሺህ በላይ ሆኑ፤ የተቃወሙት መቶ አልሞሉም። ጆርጅ ሚቸም የተባለው ንድፍ ሠሪ የሐይቁንና የመንገዶቹን መልክ ያወጣው በዚያው ዓመት ነው።

“ታዲያ አንድ ጊዜ ድምፅ ተሰጠና አበቃ?” ብትሉ አላበቃም። በ1970 ገደማ በቦይልስተን መንገድ በኩል ረጃጅም ሕንፃዎች ሊሠሩ ታቀደ። መሬቱን አይነኩም፤ ጥላቸው ግን በአበቦቹ ላይ ይወድቃል። ነዋሪዎች የፐብሊክ ጋርደን ወዳጆች የሚል ማኅበር አቋቁመው ለዓመታት ተሟገቱ፤ ዕቅዱም ቀረ። ከዚያ ግዛቱ በ1990 ለቦስተን ኮመን፣ በ1993 ለፐብሊክ ጋርደን አዲስ ሕንፃ የሚጥለውን ጥላ የሚገድብ ሕግ አወጣ። በ2017 ለአንድ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሲባል ሕጉ ተሻሻለ፤ ከተማው ለሕንፃው ከሸጠው ቦታ ካገኘው ገንዘብ ከፊሉ ለመናፈሻዎች ተመደበ። ለጥላም ዋጋ ወጣለት ማለት ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ጥላን የሚከለክል ሕግ መኖሩ አልዋጥላት ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ከዚያ ጋቢዋን ጠቅልላ ፀሐዩ ወዳለበት ወንበር ተዛወረች።

በየዛፉ ግንድ ላይ ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ምልክት ታያላችሁ። እንግዳችሁ ገበሬ ወይም የገበሬ ልጅ ከሆነ እዚህ ግማሽ ሰዓት መድቡ። ከቻይና የመጣ፣ ከጃፓን የመጣ፣ ከአውሮፓ የመጣ ዛፍ ጎን ለጎን ቆሟል።

ስም የሌለው ሐውልት

ከሐውልቶቹ ሁሉ አንዱን ብቻ እዩ ብባል የምመርጠው በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ከቢከን መንገድ ጥግ ሳይርቅ ያለውን ነው። በ1868 የቆመ ሲሆን ከላዩ ላይ ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ሲደግፍ ይታያል። መታሰቢያነቱ ለሰው ሳይሆን ለኤተር ነው፤ ለማደንዘዣ። በኦክቶበር 16 ቀን 1846 በዚሁ ከተማ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል አንድ ሕመምተኛ ኤተር አሽትቶ አንገቱ ላይ የነበረው እባጭ ሲወጣለት ሕመም እንዳልተሰማው በሐኪሞች ፊት ታየ። ከዚያ በፊት ቀዶ ሕክምና ማለት ሰውን አስሮ እየጮኸ መቁረጥ ነበር።

ልብ በሉ፦ በሐውልቱ ላይ የፈልሳፊው ስም የለም። ጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን እኔ ነኝ አለ፤ ኬሚስቱ ቻርልስ ጃክሰን እኔ ነኝ ያስተማርኩት አለ፤ ከጆርጂያ ግዛት ሌላ ሐኪም፣ ከኮኔቲከት ሌላ ጥርስ ሐኪም የቀዳሚነት ጥያቄ አነሡ። ጠቡ ስላልበረደ ሐውልቱ ግኝቱን አመስግኖ ሰውየውን ዝም አለ። የቤተሰብ ርስት ክርክር ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን መፍትሔ ለማድነቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዳክዬዎቹ

ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ጥግ፣ ቻርልስና ቢከን መንገዶች ወደሚገናኙበት ሂዱ። የነሐስ እናት ዳክዬ ስምንት ጫጩቶቿን በሰልፍ አስከትላ ታልፋለች፤ በ1941 ከታተመ የልጆች መጽሐፍ የተወሰደ ታሪክ ነው፤ ናንሲ ሾን ሠርታቸው በ1987 ተተከሉ። በትልልቅ በዓላትና በስፖርት ውድድሮች ሰሞን የከተማው ሰው ልብስ ያለብሳቸዋል። ልጅን ጀርባቸው ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። እናትም ብትቀመጥ ማንም አይከለክላትም፤ ፎቶውን ለአገር ቤት ከመላካችሁ በፊት ግን ፈቃዷን ጠይቁ።

በቦይልስተን በኩል

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስታመሩ በደቡቡ መንገድ ውጡ። እዚህ የተደረደሩትን ሐውልቶች ሰው ሳያይ ያልፋል። ሁለቱ ባርነት እንዲወገድ የታገሉት ቻርልስ ሰምነርና ዌንደል ፊሊፕስ ናቸው። የሰምነርን ሐውልት ለመምረጥ በተደረገው ውድድር፣ ስም ተሸፍኖ ሲዳኝ ያሸነፈችው አን ዊትኒ ነበረች፤ ሴት መሆኗ ሲታወቅ ሥራው ለቶማስ ቦል ተሰጠ፤ እዚህ የቆመው የእሱ ነው። የእርሷ ሐውልት ከዓመታት በኋላ ወንዙን ተሻግሮ ካምብሪጅ ላይ ቆሟል።

ከአጥሩ ወጥታችሁ በቦይልስተን መንገድ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ በቤተ መጻሕፍቱ ፊት አስፋልቱ ላይ የተቀባ መስመር ታገኛላችሁ፤ የቦስተን ማራቶን መጨረሻ ነው። እናት እዚህ ላይ የምትቆምበት ምክንያት አላት። አበበ ቢቂላ በ1963 እዚህ ከተማ ሮጦ አምስተኛ ወጥቷል፤ ማሞ ወልዴም አብሮት ነበር። ፋጡማ ሮባ በ1997፣ በ1998ና በ1999 በተከታታይ አሸንፋለች። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2013 ባሸነፈበት ቀን በዚህ መስመር አጠገብ ሁለት ቦምቦች ፈነዱ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ሌሊሳ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ መጥቶ የወርቅ ሜዳሊያውን ለቦስተን ሕዝብ አስረከበ፤ ሥነ ሥርዓቱ የተደረገው ከአትክልቱ መንገድ ማዶ ባለው በቦስተን ኮመን ላይ ነው። በ2015 ደግሞ ዳግም አሸነፈ። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው፦ እንግዳችሁ በማራቶኑ ሰሞን ካለ አትክልቱን በሌላ ቀን አድርጉና በዚያ ሰኞ ባንዲራችንን ይዛችሁ ለዕልልታ ውጡ።

የሚከለከልና የሚፈቀድ

መግቢያ በነጻ ነው። ብስክሌት አይነዳም፤ ኳስ አይጫወቱም፤ ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ገመድ በተዘረጋባቸው መደቦች ላይ አይረገጥም። ለዳክዬና ለዝይ እንጀራም ሆነ ዳቦ አትወርውሩ፤ ይታመማሉ። ሽኮኮዎቹ ደፋሮች ናቸው፤ የምግብ ቦርሳችሁን ክፍት አትተዉ።

ለሰርግ ፎቶ የምትመጡ ሙሽሮች ብዙ ናችሁና አንድ ነገር ልበል። ቃል ኪዳን ወይም ሌላ ሥነ ሥርዓት ለማድረግ ከከተማው የመናፈሻ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ከበሮ፣ ሠላሳ ሚዜና ዘመድ አዝማድ ይዛችሁ ሳትነግሩ ብትመጡ ጠባቂው በትሕትና ያስወጣችኋል። ጨለማ ሲሆን አትክልቱ ይዘጋል።

መመለስ

በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ እናት ካለችም አይቸግርም፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ጉልበትና ጊዜ ከተረፈ ወደ ኮመን ተሻግራችሁ በ2023 ለማርቲን ሉተር ኪንግና ለባለቤቱ ኮሬታ የቆመውን የመተቃቀፍ ሐውልት አሳዩአት፤ ሁለቱ የተዋወቁት በዚህ ከተማ ነው። ጉልበቱ ካለቀ ሌላ ቀን ይሁን።

ወደ ቤት የሚመልሳችሁን ባቡር ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ካለው ኮፕሊ ጣቢያ ያዙ፤ ያውም ከቀትር በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት (በአገሩ 3) በፊት፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ሲወጣ መቀመጫ አይገኝም። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ አርሊንግተን ተመልሰን ነው የምንሳፈረው። ጣቢያው አፍ ላይ ስንደርስ እናቴ ወደ አትክልቱ ዞር ብላ “ባቡሩ በስንት ደቂቃ ይመጣል?” ትለኛለች። “በአምስት ደቂቃ” ስላት “እንግዲያው አንዱ ይለፈን” ትልና ወንበር ወዳለበት መንገድ ትሻገራለች።